አስራ ሁለት ተኩል ጥርስ

ከመጋረጃው ማዶ ወንድሟ የእሷን ጽሑፍ ጮክ ብሎ ሲያነብ ሰማችው። «ጥርስ አስራ አራት፤ የውሃ ምልክት ኮከብ፤ ወረቀት ወፍራም፤ ጀርባው ሙጫ የለውም» አለ። ቀጥሎ ድምፁን ለስለስ አድርጎ፣ እንዲህ ያለው ቴምብር በየአሮጌው ደብዳቤ ላይ ሞልቷል፣ ቢሆንም ለእርስዎ ስል የአንድ ጥንድ ጫማ ዋጋ እሰጥበታለሁ ብሎ ለአንዲት ወይዘሮ አስረዳ። ቆጣሪዋ ወረንጦዋን ከፍ አድርጋ እንደያዘች ቀረች። ያንን ቴምብር ትናንት ማምሻውን የመረመረችው እሷ ናት። ሰማያዊ ነው፣ ድልድይ ተስሎበታል፣ አንዱ ጥግ ላይ የቁንጫ ዓይን የምታህል ቡናማ ነጥብ አለችው። ጥርሱ አስራ አራት አልነበረም። አስራ ሁለት ተኩል ነበር።

ይህን ጥርስ የሚሉትን ነገር የማያውቅ አይጠፋምና እስቲ ልንገራችሁ። ቴምብር ሲታተም በአንድ ትልቅ ሉህ ላይ ብዙ ሆኖ ነው። አንዱን ካንዱ መገንጠል እንዲቀል በመሃላቸው ተራ በተራ ይበሳል፤ ሲገነጠል ታዲያ ዳር ዳሩ እንደ ሕፃን ጥርስ ደቃቅ ሆኖ ይቀራል። በሁለት ሴንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ጥርስ እንዳለ የሚቆጥሩ ሰዎች አሉ፤ ቁጥሩም የትኛው ማሽን፣ በየትኛው ዘመን እንደበሳው ይናገራል። የውሃ ምልክት የሚባለው ደግሞ ወረቀቱ ገና እንደ ሊጥ እርጥብ ሳለ የሚያርፍበት ስውር ሥዕል ነው። ቴምብሩን በጥቁር ሳህን ላይ በፊቱ ደፍተው ቤንዚን ጠብ ሲያደርጉበት ብቅ ይላል፤ ቤንዚኑ ሲተን ተመልሶ ይደበቃል። የድልድዩ ቴምብር ሁለት ጊዜ ታትሟል። መጀመሪያ የወጣው በስስ ወረቀት፣ በቁልፍ ምልክት፣ በአስራ ሁለት ተኩል ጥርስ ነበር፤ መብሻው ማሽን ወዲያው ተሰበረና ጥቂት ብቻ ወጣ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ወፍራም፣ ባለ ኮከብ፣ ባለ አስራ አራት ነው። ፊታቸውን ብቻ ያየ ሰው መንታ ናቸው ይላል። ዋጋቸው ግን ለየቅል ነው፤ ባለ ኮከቡ ጫማ ይገዛል፣ ባለ ቁልፉ የሱቁን የሁለት ዓመት ኪራይ ይከፍላል።

ቆጣሪዋ በዚህ ሥራ ላይ አስራ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጣለች። ጥርስ ቆጣሪዋ ያሏት የሰፈሩ ሰዎች ናቸው፤ እንዲያውም አንድ ጊዜ ጉንጩ ያበጠ ሰውዬ ስሟን ሰምቶ፣ መንጋጋውን በሻሽ ጠቅልሎ መጥቶ ነበር። ሱቁ የታላቅ ወንድሟ ነው። እሱ ከፊት ለፊት፣ ከመስታወቱ ባንኮኒ ኋላ ቆሞ ይሸጣል፣ ይገዛል፣ ያሳስቃል። እሷ ከመጋረጃው ኋላ፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ ወንበር ብቻ በምትይዝ ክፍል፣ መብራቷን ዝቅ አድርጋ ትመረምራለች። የመረመረችውን በሁለት ጣት ልክ በተቆረጠ ወረቀት ላይ ትጽፍና ቴምብሩ ከገባበት ስስ ከረጢት ጋር በላስቲክ መቆንጠጫ ታያይዘዋለች። ወንድሟ ወረቀቱን ለደንበኛ ያነባል፣ ማኅተም ያደርግበታል፣ «ባለሙያችን ያረጋገጡት ነው» ይላል። ባለሙያውን አይቶ የሚያውቅ የለም። አብዛኛው ሰው ጺሙ የሸበተ ሽማግሌ ነው የሚመስለው፤ አንድ ደንበኛ ለባለሙያው ብሎ ክራባት ልኮ፣ ወንድሟ ይኸው እስከ ዛሬ እሁድ እሁድ ያስረዋል። እሷ በዚህ ስቃ ነው ያለፈችው። የምትወደው ሥራውን ነበር። ወረቀት በጥፍሯ ነካ አድርጋ ድምፁን ስትሰማ፣ ከጥቁሩ ሳህን ውስጥ ምልክቱ ቀስ እያለ ሲወጣ ስታይ፣ ሌላው ነገር ሁሉ ይረሳታል።

ቴምብሩን ያመጡት ወይዘሮ ደግሞ ማን መሰሏችሁ፣ የሕንፃው ባለቤት ናቸው። ሱቁንም፣ ከሱቁ በላይ ያለውን የወንድሟን መኖሪያም የሚያከራዩት እሳቸው ናቸው። በዚህ ዓመት ብቻ ሁለት ጊዜ ኪራይ ጨምረዋል፤ ሁለቱንም ጊዜ ፊት ለፊት መጥተው ሳይናገሩ በበሩ ሥር ቁራጭ ወረቀት አሾልከው ነው። ደረጃው ላይ ያለው አምፖል ከተቃጠለ ወራት አልፎታል፤ ሲነገራቸው «ቀን ቀን ውጡ» ነው ያሉት። ዝናብ ኖረም አልኖረም ጃንጥላ ይይዛሉ፣ ሲናገሩም ጫፉን መሬት ላይ ይቆረቁራሉ። ባላቸው ሲሞቱ አንድ አልበም ትተውላቸው ነበር፤ ከአልበሙ ውስጥ ይህችን አንዷን፣ ለብቻዋ በወረቀት ተጠቅልላ የተቀመጠችውን፣ ትናንት ለምርመራ አስቀምጠዋት ሄዱ። አሁን ጃንጥላው ሦስት ጊዜ ቆርቆር አለ። ልጃቸውን አማክረው አስር ሰዓት ላይ እንደሚመለሱ፣ እስከዚያው ቴምብሩንም ወረቀቱንም ይዘው እንደሚሄዱ ተናገሩና ወጡ።

ቆጣሪዋ መጀመሪያ የጠረጠረችው ራሷን ነው። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ በቅርቡ የመብራቱን አምፖል ባለ ብዙ ኃይል አስቀይራለች። ሰው ሲደክመው አስራ ሁለትን አስራ አራት ብሎ አይጽፍም አይባልም። ደብተሯን አወጣች። ሁሉንም ነገር ወረቀቱ ላይ ከመጻፏ በፊት ደብተሯ ላይ ታሰፍራለች፣ ይህም ወንድሟ «የድርብ ልፋት» ብሎ የሚያሾፍበት ልማዷ ነው። የትናንቱ የመጨረሻ መስመር፦ ድልድይ ሰማያዊ፣ አስራ ሁለት ተኩል፣ ቁልፍ፣ ስስ። ከዚያ ተነስታ፣ ከመጋረጃው አጠገብ ካሉት የሱቁ መሳቢያዎች የድልድይ ቴምብር ያለበትን ሳበች። እዚያ ሦስት ዓመት የተቀመጠ፣ ማንም ያልገዛው ባለ ኮከብ አለ። ከረጢቱ አለ፣ ቴምብሩ አለ፣ መቆንጠጫው አለ። ወረቀቱ የለም። መሳቢያውን ቀስ ብላ መለሰችና ተቀመጠች። የሰማችው ውሸት በወንድሟ አፍ ይነገር እንጂ የተጻፈው በእሷ እጅ ነው፤ ወይዘሮዋ ቦርሳቸው ውስጥ ይዘውት የሄዱት የእሷን ጽሑፍ ነው።

ምሳ ላይ ላይኛው ቤት ወጡ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ጠረጴዛው ግድግዳው ሥር ስለተጠጋ የሚበላው ሰው ሦስት ሲሆን አንዱ ግድግዳ እያየ ነው የሚበላው፤ ያ ቦታ የቆጣሪዋ ነው። የወንድሟ ሚስት ሾርባ ቀዳችላቸው፣ ዳቦ ቆረሰች፣ የሽንኩርት ዋጋ እንደገና መጨመሩን ተናገረች። ወንድሟ ዛሬ ደስ ብሎታል፤ ሰሞኑን የጠፋው ጨዋታው ተመልሶ፣ የታችኛውን ፎቅ ፀጉር አስተካካይ እያስመሰለ ሚስቱን አሳቃት። ቆጣሪዋ ግድግዳውን እያየች ሁለት ጊዜ ጎረሰች። ከዚያ ሳትዞር፣ የወይዘሮዋ ቴምብር ወረቀት የት እንደገባ ጠየቀችው። ማንኪያው ሳህኑ ላይ ኳ አለ። ሚስቱ አንገቷን ደፋች። ከዚህ በኋላ የነበረውን ዝምታ ቆጣሪዋ ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ ራሷ ትሰብረው ነበር፤ ስለ አየሩም ቢሆን አንድ ነገር ትል ነበር። ዛሬ ተወችው።

ወንድሟ በመጨረሻ አልካደም። እንዲያውም አግባባት። እኚህ ሴት እኮ ናቸው፣ አለ፤ እያለቡን ሁለት ዓመት ሆናቸው። አልበሙን በሕይወታቸው አንድ ቀን ገልጠው አያውቁም፤ ቴምብር ይሁን የመድኃኒት ወረቀት አይለዩም። የጫማ ዋጋ ቢያገኙ ጫማ ይገዛሉ፣ እኛ ደግሞ ሁለት ዓመት እንተነፍሳለን። የወሰዱብንን መመለስ እንጂ መስረቅ አይባልም። ይህን ሁሉ ሲል ድምፁ አልከረረም፤ ልክ ደንበኛ እንደሚያሳምን ለስለስ ብሎ ነው። ሚስቱ ደግሞ ዳቦውን እያደቀቀች፣ «እትዬ፣ እሱም እኮ ለራሱ ብሎ አይደለም» አለች። እውነቷን ነው፤ ለራሱ ብቻ ብሎ አልነበረም።

«ለእሳቸው አዝነሽ ነው?» አላት ወንድሟ።

«አላዘንኩም። ብችል እኔም ጃንጥላቸውን እሰብረው ነበር» አለችው። «በኪራዩ ከተጣላህ በኪራዩ ተጣላቸው፣ ጋሼ። ሂድ፣ በራቸውን አንኳኳ፣ ስደባቸው፣ ክሰሳቸው። እኔም አብሬህ እቆማለሁ። በእኔ ጽሑፍ ግን አትጣላ።»

እሱም ሾርባውን ጨርሶ፣ ጽሑፉ የሱቁ እንደሆነ፣ ወረቀቱን የገዛው እሱ፣ ቀለሙን የገዛው እሱ፣ መብራቱን የሚከፍለው እሱ እንደሆነ በዝግታ ነገራትና ወረደ። አስር ሰዓት ላይ መጋረጃው ተዘግቶ እንዲቆይ ከደረጃው ላይ ተናገረ። ሚስቱ ሳህኖቹን ሰበሰበች። ቆጣሪዋን አላየቻትም፣ ቆጣሪዋም አላየቻትም፤ ግን የወንድሟ ሚስት ሳህኗን ስትቀበላት ጣቷን ትንሽ ያዝ አድርጋ ለቀቀቻት።

ከሰዓት በኋላ ያለውን ጊዜ ቆጣሪዋ ምንም ሳትሠራ አላሳለፈችውም፤ ሰባት ቴምብር መረመረች፣ ሰባቱንም ሁለት ሁለት ጊዜ። አንድ ነገር ያስፈራት ነበር፤ ቴምብሩ አሁን በእጇ የለም፣ ያላት የደብተሯ መስመርና ትዝታዋ ነው። ወንድሟ ጥፋቱን አምኗል፤ ይሁንና ሰው ፊት ወጥታ፣ ጥርሱ ተቆጥሮ አስራ አራት ቢሆንስ? ያኔ ወንድሟን ያዋረደች፣ ሥራዋንም የማታውቅ አሮጊት ሆና ልትቀር ነው። ከተባረረች ደግሞ የምትሄድበት ቤት የለም፤ የምታድረው ላይኛው ቤት፣ ከኩሽናው አጠገብ ባለችው ክፍል ነው። ይህን ሁሉ አሰበችው። አስር ሰዓት ሲሆን ጃንጥላው ቆርቆር አለ፤ ወይዘሮዋ ልጃቸው «ምን አገባኝ» እንዳላቸው እየተናገሩ ገቡ። ወንድሟ ሣቀላቸው። ቆጣሪዋ ጥቁሩን ሳህን፣ የቤንዚኑን ጠርሙስ፣ ማጉያውን፣ ወረንጦውንና መለኪያውን በአንድ ሰሌዳ ላይ ደረደረች፣ ተነሳች፣ መጋረጃውን በትከሻዋ ገፋ አድርጋ ወጣች።

ሱቁ ውስጥ ወይዘሮዋና አልበም ሊገዛ የመጣ አንድ ወፍራም ሰውዬ ነበሩ። ወንድሟ ሲያያት ፊቱ ላይ ያለው ሣቅ ባለበት ደረቀ። ሰሌዳውን መስታወቱ ላይ አስቀመጠችና ለወይዘሮዋ፣ ቴምብርዎ የተነበበልዎት ዓይነት አይደለም፣ ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ነው አለቻቸው። ወይዘሮዋ ከላይ እስከ ታች አዩዋት። ማን እንደሆነች ጠየቁ። ቴምብሩን የመረመርኩት እኔ ነኝ ስትላቸው፣ «ባለሙያው ሽማግሌ ነው ብሎኝ» ብለው ወደ ወንድሟ ዞሩ። ሰውዬው አልበሙን ከደነ።

«ታዲያ አንቺም እንደሱ እንዳልዋሸሽኝ በምን አውቃለሁ?» አሉ ወይዘሮዋ።

ይህ ነገር ቆጣሪዋን ልቧ ላይ ወጋት፣ ምክንያቱም ልክ ናቸው። በምን ያውቃሉ? «አይመኑኝ» አለቻቸው። «ይምጡ፣ ራስዎ ይቁጠሩት።»

ማጉያውን በእጃቸው ሰጠቻቸው፣ ቴምብሩን ተቀብላ መለኪያውን ከሥሩ አስተካከለች፣ ከዚህ መስመር እስከዚህ መስመር ሁለት ሴንቲ ሜትር ነው አለቻቸው። ወይዘሮዋ ጃንጥላቸውን ባንኮኒው ላይ ሰቅለው ጎንበስ አሉ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ሄደው ስምንት ላይ ጠፋባቸው። እንደገና ጀመሩ። ውጭ ሞተር ሳይክል አለፈና እንደገና ጠፋባቸው። ወፍራሙ ሰውዬ በትከሻቸው ላይ አንገቱን አስግጎ፣ ዘጠኝ ነው የደረሱት ሲላቸው፣ አንተ ያንተን ቁጠር ብለው መለሱት። የወንድሟ እጅ የማኅተሙ መሳቢያ ላይ እንደተደገፈ ነበር። በአራተኛው ጊዜ ወይዘሮዋ እያንዳንዱን ጥርስ በወረንጦው ጫፍ እየነኩ ሄደው ቆሙ። አስራ ሁለት ሆነና የቀረው መስመሩን አልሞላም አሉ። ግማሽ ጥርስ ይኖራል እንዴ ብለው ጠየቁ። ይኖራል አለቻቸው፤ አስራ ሁለት ተኩል የምንለው እሱን ነው። ከዚያ የሱቁን ባለ ኮከብ ቴምብር አውጥታ አጠገቡ አኖረችና ያንንም አስቆጠረቻቸው፤ አስራ አራት ሞላ። ቤንዚኑን ስታነሳ ወይዘሮዋ ልታቃጥዪው ነው ብለው እጇን ያዙ፤ ቀስ ብላ አስለቀቀቻቸውና የእሳቸውን ቴምብር ሳህኑ ላይ ደፍታ ጠብ አደረገች። ሦስቱም ሳህኑ ላይ አጎነበሱ። ከሰማያዊው ጀርባ ቁልፉ ወጣ፣ ከነጥርሱ፣ ከነቀለበቱ፤ ጥቂት ቆየ፣ ከዚያ ከዳር ጀምሮ እየደረቀ ጠፋ።

ወይዘሮዋ ቀና ብለው ቦርሳቸውን ከፈቱ፣ ጠዋት የተሰጣቸውን ወረቀት አወጡና ታዲያ ይሄ የማን ጽሑፍ ነው አሉ። ወንድሟ ያን ጊዜ ነው አፉን የከፈተው። ይቅርታ ጠየቀ፤ ሱቅ ውስጥ ሥራ ሲበዛ ወረቀት ይቀላቀላል፣ እህቴም ዓይኗ ሰሞኑን ደክሟል፣ እንዲህ ያለ ስህተት የትም ይደርሳል አለ። ለእሷም ለእሱም መውጫ እንዲሆን ነበር የተናገረው። አንገቷን ነቅነቅ ብታደርግ ያልቅ ነበር፤ ራቷን በልታ ትተኛ ነበር።

«አልተቀላቀለም» አለች።

ወይዘሮዋ ወንድሟን አዩት፣ እሷን አዩዋት፣ አሮጌውን ወረቀት ባንኮኒው ላይ ጣሉት፤ ሌላ ጻፊልኝ አሉ። ጻፈችላቸው። ጥርሱን፣ ምልክቱን፣ ወረቀቱን፣ ጥግ ላይ ያለችውን ቡናማ ነጥብ ሳይቀር ጻፈችና፣ በሥሩ ሙሉ ስሟን ከነአባቷ አሰፈረች፤ እንዲህ ስታደርግ የመጀመሪያዋ ነው። ማኅተሙስ ሲሉ ወንድሟ መሳቢያውን አልከፈተም። ማኅተሙ የሱቁ ነው፣ ያየው ዓይን ግን የእኔ ነው አለቻቸው። ወይዘሮዋ ቴምብሩንና ወረቀቱን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ፣ ጃንጥላቸውን አነሱ። ያመሰግናሉ ብሎ ያሰበ ካለ ወይዘሮዋን አያውቃቸውም።

«ኪራዩን ግን አልቀንስም» አሉ።

«ማን ይቀንሱ አለዎት?» አለች ቆጣሪዋ። «የደረጃውን አምፖል ግን ያስቀይሩ። ይህኛውን ነገ መጥቼ እጠይቅዎታለሁ፣ ከነገ ወዲያም እጠይቅዎታለሁ።»

በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር አሉና፣ እኔ ብሆን ለወንድሜ ዝም እል ነበር አሏት። ከዚያ ጃንጥላው በእግረኛው መንገድ ላይ እየቆረቆረ ራቀ። ወፍራሙ ሰውዬ አልበሙን ሳይገዛ፣ ሌላ ቀን እመጣለሁ ብሎ ተከተላቸው። ይህ ነው ወንድሟን ያቃጠለው፤ የሁለት ዓመቱ ኪራይ አመለጠ፣ ደንበኛውም ሄደ፣ ማታ ሳይደርስ ሰፈሩ ሁሉ ሊሰማው ነው። የሱቁን ስም አፈር ድሜ አበላሽው አላት፣ ከነገ ጀምሮ እዚህ እንዳላይሽ አላት። እሷ ግን እየሰማችው አልነበረም። ወይዘሮዋ የጣሉትን ወረቀት አንስታ የራሷን ጽሑፍ ታይ ነበር፤ የአስራ ዘጠኝ ዓመት ጽሑፏ፣ ስንት ከረጢት፣ ስንት ደብዳቤ፣ ስንት ሰው ቤት የገባ።

«ስንት ጊዜ ነው፣ ጋሼ?»

ወንድሟ መስታወቱን በእጅጌው ጠረገ። ሚስቱ ጫጫታውን ሰምታ ወርዳ በውስጥ በኩል ባለው በር ቆማለች፤ እሷም መልሱን ትጠብቅ ነበር።

«ስንት ጊዜ ቀያይረሃቸዋል?»

«አልቆጠርኩም» አለ።

«እንግዲያው እኔ እቆጥራለሁ» አለች።

የመጀመሪያውን መሳቢያ ከነሙሉው ሳበችና መስታወቱ ላይ አሳረፈችው። መሳቢያው አስራ አንድ ነው፣ እያንዳንዱ ውስጥ ሁለት መቶ የሚሆን ከረጢት አለ። አንዱን አነሳች፣ ቴምብሩን አወጣች፣ መለኪያው ላይ አኖረች፣ ከወረቀቱ ጋር አስተያየች። ልክ ነው። ሁለተኛው ልክ ነው። ሦስተኛውን ወደ ጎን ለየችው። ወንድሟ፣ ሱቁ የእኔ ነው፣ ከመሳቢያዬ ላይ እጅሽን አንሺ አላት። አላነሳችም። ነገም እመጣለሁ፣ አስራ አንዱ እስኪያልቅ እመጣለሁ፣ የቀየርክባቸውን ሰዎች ስም ከደረሰኙ ላይ አውጥቼ በራቸውን አንኳኳለሁ፣ ከፈለግህ ፖሊስ ጥራ አለችው፤ ድምፅዋ ግን ከፍ አላለም፣ ዓይኗም ከማጉያው አልተነሳም። መቆንጠጫውን ነቅላ ጣለች፤ በላስቲክ የተያዘ ወረቀት ማንም ያነሳዋል። ሽቦ ቢደረግበት ይዝጋል፣ ቴምብሩን ይበላል። የሚሻለው ክር ነው፣ በከረጢቱ ጠርዝ በኩል፣ ከቴምብሩ ራቅ ተደርጎ፤ ያንን ለመለየት መበጠስ ያስፈልጋል፣ ከተበጠሰ ይታወቃል አለች።

ወንድሟ ይህን ሲሰማ፣ ቴምብር ቤት ነው ወይስ ልብስ ስፌት አለና ኮቱን አንስቶ ወደ ውጭ ወጣ፤ ሩቅ አልሄደም፣ በሩ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ሚስቱ ባለችበት ቆይታ ደረጃውን ወጣች። ስትመለስ የልጅነቷን የስፌት ሳጥን ይዛለች። የባሏን ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ ነጭ ክር በምራቋ አሾለች፣ በመጀመሪያው ሙከራ መርፌው ውስጥ አስገባችው። ከዚያ እጇን ዘረጋች።

«እትዬ፣ የቱን ልስፋ?»

«ቆይ» አለች ቆጣሪዋ፣ አንድ ቀይ ቴምብር መለኪያው ላይ እያስተካከለች። «መጀመሪያ ልቁጠረው።»